መጀመሪያ ማይክ ወይስ መብራት? የጀማሪ ቪዲዮ ሠሪዎች ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው። ማይክ ልግዛ ወይስ መብራት?

ቪዲዮዎ ላይ የሚናገሩ ከሆነ ማይክ ይግዙ። ብርሃን በነጻ ይገኛል፤ ጥሩ ድምፅ ግን በነጻ አይገኝም። ቀን ላይ መስኮት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው በተራ ስልክ ቢቀረጽ እንኳ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ያው ስልክ 2 ሜትር ርቆ ሲቆም የሚይዘው ድምፅ ግን ከክፍሉ ማስተጋባት፣ ከፍሪጅ ጩኸትና ከውጭ ግርግር ጋር የተቀላቀለ ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ መለየቱ በጣም ያስቸግራል። ተመልካችም ደብዘዝ ያለ ምስል ችሎ ያያል። ጆሮ እየጣረ የሚሰማውን ንግግር ግን ትቶ ያልፋል።

ይህ ምክር የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። የሚመችዎት የመቅረጫ ሰዓት ማታ ብቻ ከሆነ መስኮቱ ዋጋ የለውም፤ መብራት ይቅደም። እጅ ብቻ የሚታይባቸውን ቪዲዮዎች ሠርተው ንግግሩን በኋላ የሚጨምሩ ከሆነም መብራት ይቅደም፤ ንግግሩን ስልኩን አፍዎ አጠገብ ይዘው ጸጥ ባለ ክፍል መቅዳት ይችላሉ። ሜካፕ፣ ጨርቅ ወይም ሥዕል የሚያሳዩ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ እዚያ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ድክመቴ ድምፁ ይሁን ምስሉ ዕቃ ሳልገዛ እንዴት ማወቅ እችላለሁ?

አንድ የሙከራ ቀረጻ ይበቃል። ሁልጊዜ በሚቀርጹበት ቦታና ሰዓት ስልኩን በተለመደው ርቀት ያቁሙ። መጀመሪያ 10 ሰከንድ ዝም ይበሉ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ይናገሩ። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ይክፈቱት።

በመጀመሪያው ዙር የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ስክሪኑን ሳያዩ ያዳምጡ። ዝም ባሉበት ጊዜ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ካለ ስልኩ የሚሰማ ነገር ሲያጣ መጠኑን በራሱ እየጨመረ ነው፤ ማይኩ ከአፍዎ ርቋል ማለት ነው። የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ከሆነ ችግሩ ክፍሉ ነው።

በሁለተኛው ዙር ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱ። ከዓይንና ከአገጭ ሥር ጥቁር ጥላ ካለ ብርሃኑ የሚመጣው ከኮርኒስ ነው። ጥላ ያረፈበት ቦታ ወይም ጥቁር ልብስ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከተርመሰመሱ፣ እጅዎንም ሲያወዛውዙ ምስሉ ከተጎተተ ብርሃን አንሷል። ካሜራው ጉድለቱን ለመሙላት አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጓል፣ ሹተሩንም (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) አዘግይቷል።

የስልኬ ማይክ አይበቃም?

ከቀረቡት ይበቃል። የስልክ ማይክ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ የሚያበላሸው ርቀቱ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአፍዎ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እምብዛም አይቀንስም። ከ25 ሴንቲ ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲሄዱ ርቀቱ ሦስት ጊዜ እጥፍ ሆኗል፣ 18 ዴሲቤልም ጠፍቷል። ስልክ በእጅ ይዞ ራስን ሲቀርጹ ድምፁ ደህና የሚሆነው፣ ስልኩን ትራይፖድ ላይ አድርገው ሲርቁ የሚበላሸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤት ውስጥ ሁለተኛ ስልክ ካለ ዛሬውኑ ያለ ምንም ወጪ ማሻሻል ይቻላል። ያንን ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፣ የድምፅ መቅጃውን ይክፈቱና ደረት ኪስ ውስጥ ተዘቅዝቆ እንዲቀመጥ ያድርጉት፤ ዋናው ማይክ ከታች በኩል ስለሆነ ወደ አፍዎ መዞር አለበት። ማይክ ያለው ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ካለዎትማ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ማይኩን ከሸሚዙ ቁልፍ መስመር ጋር ያያይዙት። ሁለቱም መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ ካሜራው ፊት አንዴ ያጨብጭቡ። ኤዲት ሲያደርጉ ጭብጨባው በሁለቱም ድምፆች ላይ ሹል ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱን ሹሎች ካገጣጠሙ በኋላ የቪዲዮውን የራሱን ድምፅ ያጥፉ። ቀረጻው ረጅም ከሆነ መጨረሻ ላይም ያጨብጭቡ። የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ፍጹም እኩል ስለማይሄድ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ከንፈርና ድምፅ መለያየት ይጀምራሉ።

ባለ ገመድ፣ ዋየርለስ ወይስ ካሜራ ላይ የሚገጠም ማይክ?

ተቀምጠው ወይም በአንድ ቦታ ቆመው የሚናገሩ ከሆነ ልብስ ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ ማይክ ይግዙ። ርካሽ ነው፣ ሲግናል አይቋረጥበትም፣ ብዙዎቹም ቻርጅ አይፈልጉም። ገመዱ ሲገዙ ረጅም ይሁን፤ 1.5 ሜትር የሆነውን ገዝተው ሙሉ ቁመት መቅረጽ ያቃታቸው ብዙ ናቸው።

እየተንቀሳቀሱ የሚቀርጹ ከሆነ ወይም ቃለ መጠይቅ የሚሠሩ ከሆነ ዋየርለስ ይሻላል። ለጀማሪዎች የሚሸጡት አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋ ሄርትዝ ይሠራሉ። ዋይፋይና ብሉቱዝም የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ ሊል ይችላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 100 ወይም 200 ሜትር የሚሠራው በመካከል ምንም በማይጋርድበት ሜዳ ነው። የሰው ሰውነት ይህን ሞገድ በደንብ ይውጠዋል፤ ጀርባዎን ወደ ካሜራ ሲያዞሩ በ10 ሜትርም ሊቋረጥ ይችላል። ሞዴል ሲመርጡ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ማስተላለፊያው ራሱ ውስጥ የሚቀዳ መሆኑንና ሪሲቨሩ (መቀበያው) የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንዳለው። የመጀመሪያው ሲግናል ሲቋረጥ ቀረጻውን ያድናል፤ ሁለተኛው ችግሩን ቤት ከገቡ በኋላ ሳይሆን እዚያው እንዲሰሙት ያደርጋል።

ካሜራ ላይ የሚገጠመው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥረው ሾትገን ማይክ ላይ ትልቅ አለመግባባት አለ። ሩቅ ያለን ድምፅ ጎትቶ አያመጣም። የሚያደርገው ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን መቀነስ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ የራስዎ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ከፊት በኩል ስለሚገባበት 2 ሜትር ላይ ሲቆም ከስልኩ ማይክ ብዙም አይሻልም። ሾትገን የሚያምረው ከፍሬሙ (ካሜራው ከሚያሳየው ምስል) ውጭ ከራስዎ በላይ ተንጠልጥሎ ወደ ደረትዎ ሲያነጣጥር፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለ ርቀት ነው። ለዚያ ደግሞ የራሱ ስታንድና የማራዘሚያ ገመድ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ግዢ አንመክረውም።

ሁልጊዜ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ለሚቀርጹ በዩኤስቢ የሚሰካ የጠረጴዛ ማይክ ይበቃል፤ ከአፍዎ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያስጠጉት። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ካስቀመጡት የኪቦርዱ መንኳኳት በእግሩ በኩል ይገባበታል፤ በተንቀሳቃሽ ክንድ ይስቀሉት።

ማይኩን ሰካሁት፣ ቪዲዮው ግን የስልኩን ማይክ ነው የያዘው። ተበላሽቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ።

መጀመሪያ የሶኬቱን ጫፍ ይመልከቱ። የ3.5 ሚሊ ሜትሩ ጃክ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበቶች ካሉ የተሠራው ለካሜራና ለድምፅ መቅጃ ነው። ሦስት ጥቁር ቀለበቶች ካሉ ለስልክ ነው። ባለ ሁለት ቀለበቱን ስልክ ላይ ሲሰኩት ስልኩ የጆሮ ማዳመጫ የተሰካ ይመስለውና በራሱ ማይክ መቅረጹን ይቀጥላል። መፍትሔው ከሦስት ግንኙነት ወደ አራት የሚቀይር አጭር አዳፕተር ነው፤ ዋጋው ከማይኩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ጃክ የሌለው ስልክ ከሆነ ችግሩ የታይፕ ሲ አዳፕተሩ ሊሆን ይችላል። ሙዚቃ ለማዳመጥ ብቻ የተሠሩ አሉ፤ ድምፅ ያወጣሉ እንጂ አያስገቡም። ሲገዙ ማይክ የሚቀበል መሆኑን ጠይቀው እዚያው በራስዎ ስልክ ይሞክሩት።

ገመዱ ላይ ትንሽ ሳጥን ያላቸው ማይኮች ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደው ቦያ ቢዋይ-ኤም1 ለምሳሌ ሁለት ቦታ አለው፦ አንዱ ለስልክ፣ ሌላው ለካሜራ። ለስልክ ሲጠቀሙ ሳጥኑ «ጠፍቷል» የሚለው ቦታ ላይ ነው መሆን ያለበት። ብዙ ሰው «በርቷል» ወደሚለው ይገፋውና ማይኩ አይሠራም ብሎ ይመልሰዋል። ለካሜራ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ያለችው ኤልአር44 የምትባል የሰዓት ባትሪ መሰል ትንሽ ባትሪ ታስፈልገዋለች፤ ከቀረጻ በኋላ ማጥፋት ከተረሳ ባትሪዋ ታልቃለች።

ዋየርለስ ከሆነ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኦቲጂ (ስልኩ በሶኬቱ በኩል ከሌላ ዕቃ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቅደውን) የሚለውን ይፈልጉ። አንዳንድ ስልኮች ላይ በእጅ መክፈት ያስፈልጋል፤ ለተወሰነ ደቂቃ ካልተጠቀሙበትም ራሱን ይዘጋል። ወፍራም የስልክ ከቨር ሶኬቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ስለሚያደርግ አውልቀው ይሞክሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንቢ ካለ ጥፋቱ የካሜራው አፕ ነው፤ የውጭ ማይክ መምረጫ ያለው የቪዲዮ አፕ ይጫኑ።

የትኛው ማይክ እየሠራ እንደሆነ ለማረጋገጥ መናገር አይበቃም፤ ሁለቱም ይሰማሉና። ቀረጻ ከፍተው የማይኩን ራስ በጥፍርዎ ጫር ጫር ያድርጉት፣ ከዚያ የስልኩን ታችኛ ጫፍ እንዲሁ ይጫሩ። ሲያዳምጡት ጎልቶ የወጣው ጭረት መልሱን ይሰጥዎታል።

ልብስ ላይ የሚሰካውን ማይክ የት ላድርገው?

ደረት ላይ፣ ከአገጭ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ መሐል ላይ። አንገት ሥር ካስጠጉት አገጭዎ ይጋርደውና ድምፁ ይታፈናል። አንድ ትከሻ ላይ ካደረጉት ፊትዎን ወደ ሌላው ጎን ባዞሩ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል። ሐብል፣ ነጠላ፣ ሻርፕና ጺም ከማይኩ ጋር እንዳይነካኩ ያድርጉ። እንደ ናይለን ያለ የሚንኮሻኮሽ ጨርቅ ለቀረጻ አይሆንም፤ ጥጥ ጸጥ ያለ ነው። ከቅንጥቡ በታች ገመዱን አንዴ በትንሹ ጠቅልለው በፕላስተር ከልብሱ ውስጠኛ ክፍል ጋር ይለጥፉት፤ ገመዱ ሲጎተት የሚፈጠረው ጉርምርምታ ማይኩ ሳይደርስ እዚያ ይቀራል።

ማይኩን በጣት ይዞ መናገር አሁን የተለመደ ነው። የሚይዙት ከሆነ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከአገጭ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን። «ፐ» እና «ፈ» ሲባሉ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ ሲመታው ቡፍ ቡፍ ይላል። ቀዳዳዎቹንም በጣትዎ አይድፈኑ። ውጭ ላይ ስፖንጁ ለቀላል ንፋስ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ነፋሻ ቦታ ጠጉራሙን መሸፈኛ ያድርጉ።

ድምፄ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ያስተጋባል። የትኛው ማይክ ይፈታዋል?

የትኛውም አይፈታውም። ማይኩን ማስጠጋት ይቀንሰዋል፣ የቀረው የክፍሉ ሥራ ነው። ድምፅ ከጠንካራ ነገር ይነጥራል፦ ከባዶ ግድግዳ፣ ከሴራሚክ ወለል፣ ከመስታወት። ለስላሳና ወፍራም ነገር ይውጠዋል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ መጋረጃውን ይዝጉ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ደግሞ ከፍሬሙ ውጭ ይስቀሉ። የት ነው የሚሰቀለው? በመጀመሪያ የሚናገሩበት አቅጣጫ ላይ፣ ማለትም ከካሜራው ጀርባ፣ ድምፅዎ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነውና። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ቢል የበለጠ ይሠራል። አልጋ፣ ሶፋና በልብስ የተሞላ ቁምሳጥን ያለበት መኝታ ቤት ከሳሎን የተሻለ ስቱዲዮ ነው።

እንደ እንቁላል መያዣ ቅርጽ ያለው ስስ ስፖንጅ የሚሸጠው ለዚሁ ነው ተብሎ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ወፍራሙን ድምፅ አይነካውም፤ ሁለት ብርድ ልብስ ይበልጠዋል። ከውጭ የሚገባን ድምፅ ደግሞ ሁለቱም አያስቆሙም።

ድምፄ ይሰነጠቃል ወይም በጣም ያንሳል። መጠኑን እንዴት ላስተካክል?

የድምፅ መለኪያው ላይ ከፍ ብለው ሲናገሩ መስመሩ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ። 0 ከነካ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ድምፅ በኤዲቲንግ አይመለስም። ስለዚህ ከተጠራጠሩ ዝቅ ያድርጉት፤ ያነሰ ድምፅ በኋላ ከፍ ይላል። ሲለኩ በሹክሹክታ ሳይሆን በቀረጻው ላይ በሚናገሩበት ጉልበት ይለኩ፤ ሰው በተፈጥሮው ቀረጻ ሲጀምር ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ድምፅ መቅጃዎ ምርጫ ከሰጠዎት 48 ኪሎ ሄርትዝ ላይ ያድርጉት፣ የቪዲዮ መደበኛው እሱ ነው።

ዋየርለስ ማይኮች ላይ ያለው ድምፅ ማጥሪያ ቁልፍ ጸጥ ባለ ቦታ ይዘጋ። ጄኔሬተር ወይም ቬንቲሌተር ሲኖር ይረዳል፤ ዋጋው ግን ድምፅዎ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ማለቱ ነው።

ሪንግ ላይት ጥሩ ምርጫ ነው?

ሪንግ ላይት የቀለበት ቅርጽ ያለው መብራት ነው፤ ፊት ብቻ በቅርብ ለሚቀርጽ ሰው አዎ። ሜካፕ፣ ፀጉር፣ በስልክ ቀጥታ ስርጭት ላይ ጥላ ስለማይፈጥር ይመቻል። ነገር ግን 26 ሴንቲ ሜትር የሆነችዋ ትንሿ የምትሠራው በክንድ ርቀት ነው፤ ወገብ ድረስ መታየት ከፈለጉ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነው ያስፈልጋል። መነጽር ካደረጉ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ መስታወቱ ላይ ይታያል። ሙሉ ቁመት ወይም ክፍል ለማሳየትማ አይታሰብም።

ስልኩን መሐል ላይ መስቀል ግዴታ አይደለም። ቀለበቱን ወደ ጎን ወስደው ስስ ነጭ ጨርቅ ፊቱ ላይ ቢያለብሱት እንደ ተራ ለስላሳ መብራት ያገለግላል፤ ፊትም ያን ጠፍጣፋ መልክ ይተዋል። ጨርቁ እንዳይሞቅ ግን በየጊዜው ዳሰስ ያድርጉት።

ሪንግ ላይት ካልሆነ ምን ዓይነት መብራት ልምረጥ?

መብራት ሲመርጡ ከዋቱ በፊት ስፋቱን ይዩ። ጥላን ለስላሳ የሚያደርገው የብርሃኑ ምንጭ ከፊትዎ አንጻር ያለው ስፋት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሶፍትቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የመብራት ሳጥን) 1 ሜትር ላይ ለስላሳ ነው፤ ያው ሶፍትቦክስ 3 ሜትር ላይ ፊት ላይ ሹል ጥላ ያወጣል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቅና ሩቅ ከሆነ መብራት መካከለኛና ቅርብ የሆነው ያሸንፋል።

ለጀማሪ የምንመክረው አምፖል የሚቀየርበት፣ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሶፍትቦክስ ከስታንዱ ጋር ነው። ተራው ኢ27 የሚባለው የአምፖል እግር ካለው አምፖሉ ሲቃጠል ወይም ቀለሙ ካልተመቸዎት እሱን ብቻ ይቀይራሉ። ቦታ ለጠበበበት ጠፍጣፋ የኤልኢዲ ፓነል ይመቻል። ኃይለኛው ባለ አንድ ነጥብ ኤልኢዲ ግሩም ነው፣ ግን ሶፍትቦክስ ለብቻ ስለሚገዛለት ወጪው ይከመራል።

ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚለውን፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚገልጸውን ቁጥር ይፈልጉ፤ 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ዝቅተኛ የሆነው ቀዩን ቀለም ስለሚያጎድል ቆዳ አመድማ ወይም አረንጓዴ ነገር ይመስላል፤ ይህ በኤዲቲንግ ፈጽሞ ተስተካክሎ አያልቅም። ቁጥሩን ካላመኑት መዳፍዎን መጀመሪያ መስኮት አጠገብ፣ ቀጥሎ በመብራቱ ሥር በስልክ ይቅረጹና ያስተያዩ።

መብራቱን የት ላቁመው?

ከካሜራው ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ያህል፣ ከዓይንዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ታች ያዘነበለ፣ ፍሬሙ ውስጥ እስካልገባ ድረስ የቀረበ። ከዚያ የአፍንጫውን ጥላ ይመልከቱ። ጥላው ወደ ከንፈር ማዕዘን አጭር ሆኖ ከወረደ ደህና ነው። ጉንጭ አቋርጦ ወደ ጆሮ ከሄደ መብራቱ በጣም ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ወደ ካሜራው ይመልሱት። ቀጥ ብሎ ከንፈር ላይ ከወደቀ ከፍታው በዝቷል። በጨለመው ወገን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ትልቅ ነጭ ካርቶን ያቁሙ፤ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያሳሳዋል። ሁለተኛ መብራት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ከጀርባዎ ካለው ግድግዳ 1.5 ሜትር ያህል ይራቁ። ነጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መቀረጽ ጠቆር ያለ ቆዳን በተለይ ይጎዳል፤ ካሜራው በግድግዳው ድምቀት ስለሚታለል ፊትን ያጨልማል። ስክሪኑ ላይ ፊትዎን ተጭነው ይቆልፉት፣ ከዚያ የብርሃን መጠኑን በጣትዎ ያስተካክሉ። መነጽር ላይ ነጸብራቅ ካለ መብራቱን ከፍ፣ አገጭዎን ዝቅ።

ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ፣ ወይም ብርሃኑ ይርገበገባል።

የመብራትና የሹተር አለመግባባት ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ሄርትዝ በሆነበት አገር ርካሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በ60 ሄርትዝ 120 ጊዜ። በ50 ሄርትዝ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100፣ በ60 ሄርትዝ 1/60 ወይም 1/120 ላይ ይቆልፉ። የፍሬም ፍጥነቱንም (በሰከንድ የሚነሳውን ምስል ብዛት) በ50 ሄርትዝ 25፣ በ60 ሄርትዝ 30 ያድርጉት። መስመሩ የሚታየው መብራቱን ዝቅ ሲያደርጉት ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የድምቀት መቀነሻው ነው፤ መብራቱን ሙሉ ለሙሉ ያብሩና ራቅ ያድርጉት።

ግማሽ ፊቴ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆነ።

የመስኮት ብርሃን 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ሲሆን ቢጫው የቤት አምፖል ወደ 3000 ይጠጋል። ካሜራው ሁለቱን በአንዴ ማስታረቅ አይችልም። የኮርኒሱን አምፖል ያጥፉ፣ የገዙትን መብራት 5600 ላይ ያድርጉ፣ የስልኩን ነጭ ሚዛን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ደግሞ በራሱ እንዳይቀያየር ይቆልፉት።

በዩኤስቢ የሚሠራ መብራት በፓወር ባንክ ስንት ሰዓት ይቆያል?

10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚባለው ፓወር ባንክ ውስጡ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። 10 ዋት የሚበላ ሪንግ ላይት የሚባክነው ታስቦለት 3 ሰዓት ያህል ይሠራል። ድምቀቱ በጣም ሲቀንስ ፓወር ባንኩ ምንም ያልተሰካ መስሎት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ድምቀቱን ከፍ ያድርጉት። የላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ ሰክተው ከደበዘዘ ኃይል አንሶት ነውና ቢያንስ 2 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ይጠቀሙ።

መብራቱን ከገዛሁ በኋላ ድምፄ ውስጥ ጩኸት ገባ። ይገናኛሉ?

ይገናኛሉ። ኃይለኛ ኤልኢዲዎች ማቀዝቀዣ ፋን አላቸው፤ ከማይኩ ያርቁት፣ ዝምተኛ ሞድ ካለውም እሱን ይምረጡ። ርካሽ ቻርጀሮችና መቀነሻዎች ደግሞ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ በገመዱ በኩል ያስገባሉ። ምንጩን ለማግኘት እየቀረጹ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መብራቱ ሳይሆን ስልኩ ላይ የተሰካው ቻርጀር ሆኖ ይገኛል። ባለ ገመድ ማይክ ሲጠቀሙ ስልኩን ቻርጅ እያደረጉ አይቅረጹ።

ማይክ፣ መብራትና መያዣ በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን ልግዛ?

ስልክ በእጅ ይዘው የሚቀርጹ ካልሆነ አይግዙ። በውስጡ ያለው ማይክ አጭር ሾትገን ነው፣ መብራቱም መዳፍ የምታክል ናት፤ ሁለቱም ከካሜራው ጋር ስለታሰሩ ከፊትዎ የሚርቁት ካሜራው እስከራቀበት ድረስ ነው። ያው ገንዘብ ለአንድ ባለ ገመድ ማይክና ለአንድ ጠንካራ ትራይፖድ ቢውል ይበልጥ ይሠራል።

ያገለገለ ዕቃ ልግዛ?

ስታንድ፣ ሶፍትቦክስና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት ያለ ስጋት ይግዙ። መብራቱን ሲፈትሹ በስልክዎ ስሎ ሞሽን ይቅረጹት፤ መርገብገብ ካለው ወዲያው ይታያል። ድምቀቱን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያዙሩት፣ ፋን ካለው ጆሮዎን አስጠግተው ይስሙት። ባለ ገመድ ማይክ ከሆነ እየቀረጹ ገመዱን ከጃኩ አጠገብና ከማይኩ ራስ ሥር ያጣጥፉት፤ የሚቋረጠው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ዋየርለስ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ውስጡ የታሸገው ባትሪ በዕድሜ ይደክማል፣ መቀየሩም ለብዙዎቹ አይቻልም። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ይምጣልኝ ይበሉ፣ ከሻጩ ጋር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ያቆዩት፣ የባትሪው ምልክት በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ድረስ ከወረደ ይተውት።